ጎንደር ውስጥ ውሃ የገባበትን የእጅ ሰዓት በደንብ የሚጠግን ማን ነው?

ሰዓት የምታውቁ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ ምከሩኝ። አባቴ ያወረሱኝ አውቶማቲክ (ያለ ባትሪ በእጅ እንቅስቃሴ የሚሞላ) የእጅ ሰዓት ውሃ ገብቶበት መስታወቱ ከውስጥ ጤዛ ቋጥሯል። ጥር 11 በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ጠበሉ ሲረጭ እጄ ላይ ነበር፤ በጎኑ ያለው መሙያ ቁልፉም ተስቦ እንደወጣ ነበር። ጀርባው ላይ 30 ሜትር የሚል ጽሑፍ አለ፤ ይህ ግን በቤተ ሙከራ የሚለካ ግፊት እንጂ ለዋና የተሰጠ ዋስትና አይደለም፤ ቁልፉ ከወጣ ደግሞ ውሃውን የሚያግደው የለም።

እስካሁን ይሠራል። የምፈራው ዝገቱን ነው፤ የውስጡ ብሎኖችና ምሶሶዎች ብረት ናቸውና። ሩዝ ውስጥ ቅበረው ያሉኝ አሉ፤ ነገር ግን ክዳኑ ሳይከፈት ሩዙ እርጥበቱን ከየት ያገኘዋል? ፀሐይ ላይ ሳሰጣው ጤዛው ይጠፋል፣ ማታ ብርዱ ሲመጣ ይመለሳል።

ፒያሳ አካባቢ ካሉት ሰዓት ሠሪዎች ፈትቶ የሚያጥብ፣ ዘይት የሚቀባና የላስቲክ ማሸጊያውን የሚቀይር ታውቃላችሁ? ባትሪ ብቻ የሚቀይር አልፈልግም። እስከዚያስ ልሰረው ወይስ አስቀምጬው ይቁም? የአባቴ ማስታወሻ ስለሆነ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።