የአባቴን የአለማያ ሰነዶች ለየትኛው ቤተ መጻሕፍት እንስጥ?

ጠያቂ፦ የአራት ኪሎዋ

በቅርቡ ያረፉት አባቴ በአለማያ የእርሻ ኮሌጅ ለረጅም ዓመታት መምህርና ተመራማሪ ነበሩ። አራት ኪሎ በሚገኘው የቤተሰባችን ቤት በርካታ ካርቶን ሙሉ ወረቀት ትተዋል፤ በስቴንስል የተባዙ የማስተማሪያ ጽሑፎች፣ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች፣ ፎቶግራፎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በማሽላ ሙከራ መሬት ላይ ቆመው በእርሳስ የሞሏቸው ደብተሮች ይገኙበታል። በደብተሮቹ ግራ ኅዳግ የመደቡ ቁጥር፣ ቀጥሎ ዘሩ የተሰበሰበበት ወረዳ ስምና ገበሬዎቹ የሚጠሩበት መጠሪያ፣ ከዚያም ዝናብ የጣለባቸው ቀኖች ሰፍረዋል።

ኮሌጁ ራሱን ችሎ ዩኒቨርሲቲ እስከሆነበት እስከ 1977 ዓ.ም. ድረስ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ስለነበረ ሰነዶቹ ለስድስት ኪሎውም ለዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲም የሚገቡ ይመስለኛል። ታላቅ ወንድሜ ፎቶግራፎቹና ደብዳቤዎቹ ስድስት ኪሎ ላለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ደብተሮቹ ደግሞ ለአንድ የግብርና ቅርንጫፍ ቤተ መጻሕፍት ቢሰጡ ይሻላል ይላል። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ የመዛግብት ባለሙያ፣ ስድስት ኪሎ

አባትዎን ነፍስ ይማር። ሰነዶቹን ከጥፋት ጠብቃችሁ ማቆየታችሁ በራሱ ትልቅ ሥራ ነው።

የወንድምዎ ሐሳብ ከቅንነት የመነጨ ቢሆንም እባካችሁ አትከፋፍሉት። በደብተሩ ላይ ቁጥር ብቻ የተሰጠው መደብ ምን እንደተዘራበት የሚያስረዳው በዚያው ዓመት የተጻፈ ደብዳቤ ሊሆን ይችላል፤ ፎቶግራፉም የሚያሳየው ያንኑ መደብ ይሆናል። አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ምሥራቅ ሐረርጌ ከቀረ ሁለቱን የሚያገናኝ ተመራማሪ ማግኘት ዘበት ነው። በሙያችን የአንድ ሰው ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት ሰነድ ከሌላው ሳይቀላቀል፣ ባለቤቱ በደረደረበት ቅደም ተከተል እንዲቀመጥ የምንጠነቀቀው ስለዚህ ነው።

ቅርንጫፍ ቤተ መጻሕፍትና ልዩ ስብስብ የተለያየ ሥራ እንዳላቸውም ልብ ይበሉ። በአራት ኪሎ ያለው የሳይንስ፣ በአምስት ኪሎ ያለው የቴክኖሎጂ፣ በጥቁር አንበሳ ያለው የሕክምና ቤተ መጻሕፍት በየአቅራቢያቸው የሚያገለግሉት ተማሪ አላቸው፤ መጽሐፉ በውሰት ይወጣል፣ አዲስ እትም ሲመጣ አሮጌው ቦታ ይለቅቃል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ አርእስት የሌለው የእርሳስ ደብተር ካታሎግ ሳይገባ መጋዘን ውስጥ ሊረሳ ይችላል። በልዩ ስብስብ ግን ሰነዱ ከንባብ ክፍሉ አይወጣም፣ አንባቢው በእርሳስ ብቻ ማስታወሻ ይይዛል፣ እያንዳንዱ ሣጥን ምን እንደያዘ የሚናገር ዝርዝርም ይዘጋጅለታል። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ሲመሠረት የቤተ መጻሕፍቱና የሙዚየሙ መነሻ የሆነው፣ ፖላንዳዊው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ከዚያ በፊት ለዓመታት ኢትዮጵያን የሚመለከተውን ሁሉ ለይቶ ሲሰበስብ የቆየው ሀብት ነበር። አንድ ሰው ለይቶ የማስቀመጥ ልማድ ስለነበረው ብዙ ነገር ተርፏል።

ስለዚህ የዩኒቨርሲቲውን ስም ሳይሆን ዝርዝሩን ማን እንደሚያዘጋጅ፣ ክፍሉ ከምድር ቤት ወይም ከቧንቧ ሥር አለመሆኑን፣ የውጭ አንባቢ መግባት ይችል እንደሆነ ጠይቁ፤ ከተቻለም ሄዳችሁ ክፍሉን በዓይናችሁ እዩ። እስከዚያው ካርቶኖቹን ከወለል ከፍ አድርጉ፤ የዛገውን ክሊፕ በቀስታ አውጡ፤ የተቀደደውን በፕላስተር አታጣብቁ፤ አየር በማያስገባ ላስቲክም አትጠቅልሉ፣ ሻጋታ ያመጣል። በፎቶግራፎቹ ላይ ያሉትን ሰዎች የሚያውቁ የአባትዎ ጓደኞች በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቋቸውና ስማቸውን በጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ ጻፉ። ይህ ነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

መልስ፦ የአለማያ ምሩቅ

አለመከፋፈሉን እደግፋለሁ፤ ቦታው ግን ሐረማያ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። አባትዎ የጻፉት ስለዚያ አፈርና ስለዚያ ገበሬ ማሽላ ነው። ድርቅንና አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣት እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታም የዚያ ኮሌጅ ምሩቅ ናቸው፤ እርሳቸውን ያፈራው የጥናት ባህል በምን ዓይነት የዕለት ተዕለት ሥራ እንደተገነባ የሚያሳዩት እንዲህ ያሉ ደብተሮች ናቸው። በአካባቢው የሚጠፉ የዘር ዓይነቶችን የሚያጠና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የገዛ ወረዳውን መረጃ ፍለጋ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ስድስት ኪሎ መምጣት አይኖርበትም። ከፎቶግራፎቹ መካከል በ1990ዎቹ ከመድረቁ በፊት የነበረውን የአለማያ ሐይቅ የሚያሳይ ካለ ደግሞ፣ የውኃው ዳርቻ የት ድረስ ይደርስ እንደነበር የሚመሰክር ማስረጃ ነው።

ሆኖም ስጦታው ለዋናው ቤተ መጻሕፍት በደብዳቤ ይቅረብ እንጂ በሐረር ከተማ ላለው የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ወይም ለአንድ የትምህርት ክፍል ቢሮ አይሰጥ። የቢሮ ኃላፊ ሲቀየር የቢሮው ወረቀትም መድረሻው አይታወቅም።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ፣ ፒያሳ

ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ወራሾቹ ሁሉ በስጦታ ውሉ ላይ ይፈርሙ። ወረቀቱን መስጠት የቅጂ መብትን ማስተላለፍ ስላልሆነም ቤተ መጻሕፍቱ ሰነዱን ስካን አድርጎ ለሕዝብ እንዲያቀርብ የምትፈልጉ ከሆነ ፈቃዱን በውሉ ውስጥ በግልጽ አስፍሩት። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ ጸሐፊው ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመታት ይቆያል። ሌሎች ሰዎች ለአባትዎ የጻፏቸው ደብዳቤዎች የቅጂ መብት ደግሞ የጸሐፊዎቹ እንጂ የእናንተ አይደለም።

ጠያቂ፦ የአራት ኪሎዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከወንድሞቼ ጋር ተነጋግረን ዋናው ሰነድ ሳይከፋፈል ወደ ሐረማያ እንዲሄድ፣ ስካን የተደረገው ቅጂ ደግሞ ለስድስት ኪሎ እንዲሰጥ ተስማምተናል፤ ክፍሉን ለማየትም እንሄዳለን። አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። በካርቶኖቹ ውስጥ የተማሪዎች ውጤትና ስለ ሰዎች የግል ችግር የሚናገሩ ጥቂት ደብዳቤዎች አሉ። እነዚህን ብናቃጥላቸው ይሻላል?

መልስ፦ የመዛግብት ባለሙያ፣ ስድስት ኪሎ

በፍጹም አታቃጥሉ። ለብቻቸው በፖስታ አድርጓቸው፣ ከየትኛው ካርቶንና ከየትኛው ወረቀት ቀጥሎ እንደወጡ በወረቀት ጽፋችሁ እዚያው ቦታቸው ላይ ተኩ፣ ፖስታው እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት ተዘግቶ እንደሚቆይም በውሉ ላይ ከነቀኑ አስፍሩ። ስካን ከሚደረገውም አስወጧቸው፤ ቅጂው ስድስት ኪሎ ከተከፈተ የሐረማያው መዘጋት ዋጋ አይኖረውም።