መንደርደር ከተጀመረ በኋላ ለሚመጣ ማስጠንቀቂያ አብራሪው የሚያቆመው እስከ መቼ ነው?

መንገደኛ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። ሰሞኑን ከቦሌ ስንነሳ አውሮፕላናችን መንደርደር ከጀመረ በኋላ በድንገት ፍሬን ይዞ ፍጥነቱን ቀነሰና ከመንደርደሪያው ወጥቶ ቆመ። ዋና አብራሪው የቴክኒክ ማስጠንቀቂያ በመምጣቱ መነሳቱን እንዳቋረጡ ገለጹልን፤ ቴክኒሻኖች መጥተው ጉድለቱን ካስተካከሉ በኋላም ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ተብለን ረዘም ላለ ጊዜ ተቀመጥን። ማወቅ የምፈልገው፣ ማስጠንቀቂያው ጥቂት ሰከንዶች ዘግይቶ ቢመጣ ኖሮ አብራሪዎቹ በዚያው መንገድ ያቆሙ ነበር ወይ የሚለውን ነው። የቆመ አውሮፕላን ፍሬንስ ያን ያህል የሚያስጠብቀው ምን ሆኖ ነው?

የበረራ አስተማሪ፦
ላያቆሙ ይችሉ ነበር፤ እንዲያውም ማስጠንቀቂያው ጭራሽ ላይታያቸው ይችል ነበር። መንደርደር በፍጥነት ተከፋፍሎ የሚታይ ሥራ ነው። በቦይንግ አውሮፕላኖች እስከ 80 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በኤርባስ ደግሞ እስከ 100 ኖት ድረስ ማቆም ብዙ አደጋ ስለሌለው፣ የማስጠንቀቂያ መብራት፣ ያልተለመደ ድምፅ ወይም የጎማ መፈንዳት ለማቋረጥ በቂ ምክንያት ይሆናል። ከዚያ በላይ ግን የሚያስቆሙት ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ እሳት፣ የሞተር መጥፋት፣ ከፊት የሚጠብቅ አደገኛ የነፋስ መለዋወጥ፣ ወይም አውሮፕላኑ መብረር እንደማይችል የሚያሳይ ምልክት። አምራቾቹም ይህን አስበው፣ ለምሳሌ በኤርባስ ኤ320 ላይ ከ80 ኖት ጀምሮ 1,500 ጫማ ከፍታ እስኪደረስ ድረስ አጣዳፊ ያልሆኑ ማስጠንቀቂያዎች እንዳይታዩ አድርገዋል። ተሳፋሪ ይህን ሲሰማ የተደበቀበት ነገር ያለ ሊመስለው ይችላል፤ እኔ ግን አብራሪው በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ስለ አንድ የሃይድሮሊክ ፓምፕ ብልሽት እንዲያስብ ከማድረግ ይህ እጅግ የተሻለ ነው ባይ ነኝ።

የመጨረሻው ድንበር ቪ ዋን (V1) የሚባለው ፍጥነት ነው፤ ከዚያ በኋላ በመደበኛው አይቆምም። በየበረራው ከክብደቱ፣ ከሙቀቱና ከመንደርደሪያው ርዝመት ተሰልቶ ይወጣል። ብዙዎች እስከዚያ ፍጥነት ድረስ ማሰብ የሚቻል ይመስላቸዋል፤ ቪ ዋን ሲደርስ ግን የማቆሙ ተግባር አስቀድሞ ተጀምሮ መሆን አለበት። ስለዚህ ውሳኔው በአብዛኛው የሚያልቀው አውሮፕላኑ ከመንቀሳቀሱ በፊት አብራሪዎቹ ሲነጋገሩ ነው።

በከፍተኛ ፍጥነት ተገቢ ሆኖ ለተቋረጠ መነሳት ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 2016 በቺካጎ ኦሄር የደረሰው ነው። የአሜሪካን ኤርላይንስ ቦይንግ 767 በ128 ኖት ገደማ ሲንደረደር በቀኙ ሞተር ውስጥ ያለ የተርባይን ዲስክ ተሰባብሮ ፈነዳ፤ ስባሪውም የክንፉን የነዳጅ ታንክ ቀደደውና እሳት ተነሣ። አብራሪዎቹ ወዲያው አቋረጡ፤ 170ዎቹም ሰዎች በሕይወት ወጡ። የሚያሳዝነው፣ ብቸኛው ከባድ ጉዳት የደረሰው ከቆሙ በኋላ መሆኑ ነው፤ የግራው ሞተር ገና ሳይጠፋ መውጣት በመጀመሩ የሞተሩ ንፋስ አንድ ተሳፋሪ ጥሎ ጎዳ።

ከሃንጋር፦
የፍሬኑን ጥያቄ እኔ ልመልስ። የአውሮፕላን የእንቅስቃሴ ጉልበት በፍጥነቱ ስኩዌር ልክ ይጨምራል፤ በሚቋረጥ መነሳት ላይ ደግሞ ከዚህ ጉልበት አብዛኛው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ በፍሬን ዲስኮች ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ነገሩ ይብሳል። አየሩ ስስ በመሆኑ የፍጥነት መለኪያው 150 ኖት ሲያሳይ ጎማው መሬት ላይ የሚሮጠው ሞቅ ባለ ቀን ከ170 ኖት በላይ ነው፤ ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበትም በባሕር ዳርቻ ካለ አየር ማረፊያ ጋር ሲነጻጸር በሲሶ ገደማ ይበልጣል።

ሙቀቱ ደግሞ አውሮፕላኑ እንደቆመ አይወርድም። ከዲስኮቹ ወደ ጎማው ብረትና ወደ ጎማው ራሱ እየተላለፈ ለደቂቃዎች መጨመሩን ይቀጥላል። ጎማው ፈንድቶ ሰው እንዳይጎዳ በብረቱ ላይ በሙቀት የሚቀልጡ መድፈኛዎች ተገጥመዋል፤ እነሱ ሲቀልጡ ጎማው የተሞላበት ናይትሮጅን ቀስ ብሎ ይወጣል። ለዚህም ነው ፍሬኑ በጣም በጋለ ጊዜ በጎማው ጎን በኩል መቅረብ የማይፈቀደው። አዲስ ዓይነት አውሮፕላን ፈቃድ ሲያገኝ ባለቀ ፍሬን፣ በከፍተኛ ክብደት እንዲያቆም ተደርጎ የእሳት አደጋ ሠራተኞች እጃቸውን ሳያስገቡ አውሮፕላኑ ለ5 ደቂቃ መቆየት መቻሉ ይፈተናል። እናንተ ረጅም ጊዜ ከጠበቃችሁ፣ ያቋረጣችሁት በዝግታ ላይ ሳላችሁ አልነበረም ብዬ እገምታለሁ። እንደገና ለመነሳት ቢቸኩሉና ሁለተኛ ማቋረጥ ቢያስፈልግ፣ የጋለው ፍሬን ላያስቆማቸው ይችላል።

ታዛቢ፦
ከቪ ዋን በኋላ አይቆምም የሚለው ሕግ ግን ያለ ልዩነት መነገር የለበትም። እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 2017 በሚሺጋን ዊሎው ራን አንድ የአሜሪስታር ኤምዲ-83 የመነሻ ፍጥነቱን አልፎ ዋና አብራሪው መሪውን ቢስብ አፍንጫው አልነሣ አለው። አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ኃይለኛ ነፋስ በጅራቱ ላይ ያለውን፣ አፍንጫውን የሚያነሣውን ተንቀሳቃሽ ክፍል (ኤሌቬተር) አንቆት ነበር፤ ከመነሳቱ በፊት የሚደረገው የመሪ ፍተሻም ይህን ሊያሳይ አይችልም ነበር። ዋና አብራሪው አቋረጠ፤ አውሮፕላኑ ከመንደርደሪያው አልፎ ሜዳ ላይ ቢቆምም 116ቱም ተረፉ። ከቪ ዋን በላይ የተቋረጠው መነሳት ነው ያዳናቸው።

የበረራ አስተማሪ፦
ትክክል ነው፤ «መብረር አይችልም» የሚለው ምክንያት ከቪ ዋን በኋላም ይሠራል። አስቸጋሪው መብረር የሚችለውን ከማይችለው በሰከንድ መለየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በደቡብ ካሮላይና ኮሎምቢያ ሊርጄት 60 የተባለ አንድ ትንሽ ጄት ጎማው ፈንድቶ ከቪ ዋን በኋላ መነሳቱን አቋረጠና ከመንደርደሪያው ወጥቶ ተቃጠለ፤ ከ6 ሰዎች 4ቱ ሞቱ። ያ አውሮፕላን ጎማ አጣ እንጂ መብረር ይችል ነበር። የኤምዲ-83ቱ አብራሪ ያቋረጠው ግን ፈርቶ አልነበረም፤ መሪውን ስቦ ምላሽ ካጣ በኋላ ነው።