የአጃ ድርቆሽ በጋራ ለማልማት፦ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፦ ረቂቁ ይኸው። በጋራው መሬት አጃና ቬች የሚባለውን የአተር ዘመድ መኖ ቀላቅለን እንዘራለን። የአጃው ፍሬ ወተት ሲይዝ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ታስሮ መጋዘን ይገባል። ድርቆሽ ስንገዛ ካዝናችን ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሐሳብ ያለው ዛሬ ይጻፍ።

የላም አርቢ፦ ወተት ሲይዝ ለሚታለቡ ላሞች ረፍዷል። ሊያዘረዝር ሲል ይታጨድ። ፕሮቲኑ ያኔ ነው ያለው።

አድላቢ፦ ያኔ ካጨድን የምናስረው ያንሳል። ለእኔ በሬዎች ብዛቱም ያስፈልጋል። እሸት እስኪሆን እንጠብቅ።

አባል፦ ገብስስ? ቶሎ ይደርሳል። ዘሩን እኔ አፈላልጋለሁ።

የላም አርቢ፦ ጢም የሌለው ከሆነ እሺ። ጢሙ ከጠነከረ የከብቱን አፍ ያቆስላል።

ገንዘብ ያዥ፦ ተራ ቁጥር 7 «የመጋዘኑ ቁልፍ ሰብሳቢው ዘንድ ይቀመጣል» ይላል። ማን ወሰነ?

ሰብሳቢ፦ ሁልጊዜ እንደዚያው ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ለዚህ ነዋ ባለፈው የድርቆሽ እስር የጎደለው።

ሰብሳቢ፦ የጎደለው ሻግቶ የተጣለው ነው! እርጥቡን ማን አሰረው? ስሜን አታንሳ።

አድላቢ፦ ቁልፉ እኔ ጋ ይሁን። ቅርብ ነኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ብዙ የሚወስደው ሰው ቁልፍ ይያዝ? ጭራሽ!

የሰብል ባለሙያ፦ ከቁልፉ በፊት አንድ ነገር። ድርቅ የመታው ወይም ዩሪያ የበዛበት አጃ ናይትሬት ያከማቻል። ከብት ይገድላል። ማድረቅ አያጠፋውም። አብዛኛው ከግንዱ ግርጌ ስለሆነ ከፍ አድርገን እንጨድ፤ ሳናስመረምር አንመግብ። ይህ ረቂቁ ውስጥ ይግባ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁለት ጓጉንቸር፣ ሁለት ሰው። ያለዚያ አልፈርምም።

አድላቢ፦ አንዱ ከጠፋ ከብቴ ጾሙን ይዋል?

የላም አርቢ፦ ጋሼ፣ አይቆጡ። አንተም ተው። ሁለት ቁልፍ ይሁንና መዝገብ ይያዝ።

ሰብሳቢ፦ ይሁን። ሌባ ከመባል ይሻለኛል።

ገንዘብ ያዥ፦ ሌባ አላልኩም። መዝገቡ ይበቃኛል።

የሰብል ባለሙያ፦ መጋዘኑም ያሳስበኛል። የአጃ ግንድ ወፍራም ነው፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይሆናል። እርጥበቱ ወደ 15 በመቶ ሳይወርድ ከታሰረ ይግላል፣ ይሻግታል፣ ራሱን በራሱ እስከማቃጠል ይደርሳል። ስናጭድ ግንዱን የሚጨፈልቅ ማሽን እንከራይ።

ገንዘብ ያዥ፦ በምን ገንዘብ? ጣሪያውም ያፈሳል። ግማሹን መሬት ለእህል እንተወው። ሸጠን ጣሪያውን እናድሳለን።

አድላቢ፦ ጥሩ ሐሳብ። ጭዱም ይተርፈናል።

የላም አርቢ፦ ጭድ ድርቆሽ አይደለም! ፍሬው ከበሰለ በኋላ የሚቀረው ሆድ መሙያ ነው። ላሞቼ በእሱ ወተት አይሰጡም። የተነሳነው ለምን ነበር?

ሰብሳቢ፦ ጣሪያ ከሌለ ድርቆሹም ይበሰብሳል። ረቂቁን አስተካክላለሁ፦ ግማሽ እህል፣ ግማሽ ድርቆሽ፣ ሁለት ጓጉንቸር።

የሰብል ባለሙያ፦ ናይትሬቱስ?

ሰብሳቢ፦ በሚቀጥለው ስብሰባ። ዘር አፈላልጋለሁ ያልከው፣ የት ደረስክ?

ገንዘብ ያዥ፦ ስልኩም አይነሳም።

የላም አርቢ፦ ዘሩን እኔ እፈልጋለሁ። ግን አጃና ቬች ብቻ ነው የማመጣው። የድርቆሹ ግማሽም ከዚህ በኋላ እንዳይነካ ይጻፍልኝ።