ክርክር፦ የሰብለ ወንጌልን ዕጣ «እውነተኛ ፍቅር» ብለን እናስተምር?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የማነሳው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቴ ሳነበው ትራሴ እስኪርስ አልቅሻለሁ። አሁን ሴት ልጅ ወልጄ ስመለስበት ግን ተናደድኩ። ፊታውራሪ መሸሻ አጥንት እየቆጠሩ ለጋብቻ የመጣውን ጠያቂ ሲመልሱ የልጃቸው የሰብለ ወንጌል ዕድሜ ይሄዳል። ሰብለ አስተማሪዋን በዛብህን ትወዳለች። እሱ ወደ አዲስ አበባ ሲሸሽ ወንድ መስላ ፍለጋ ትወጣለች። የምታገኘው ሽፍታ መትቶት ሊሞት የሚያጣጥር ሰው ነው። ከዚያ መንኩሳ መቃብሩ አጠገብ ትቀራለች። መጽሐፉን እወደዋለሁ። ግን ይሄንን የፍቅር ምሳሌ አድርገን ለልጆቻችን ማስተማር የለብንም ባይ ነኝ።

የጎጃሙ ልጅ፦ እኅቴ፣ አልስማማም። በዛብህም እኮ ሞቷል። ሰብለን ደግሞ ማንም ጎትቶ አላወጣትም። እንኳን መንገድ፣ ደጅ ለመውጣት አጃቢ የሚያስፈልጋት የባላባት ልጅ ናት። ወስና ወጣች፣ ወስና መነኮሰች። ምንኩስናውን እንደ ቅጣት ማየት የእኛ ዘመን ዓይን ነው። እኛ አገር ባል የሞተባት ሴት ስትመነኩስ ክብር ነው። አያቴም መንኩሳ ነው የሞተችው። ቆቧን ራሷ ሰፍታ፣ ለብሳው ስትወጣ ፊቷ በርቶ ነበር።

ጠያቂዋ፦ አያትህ ልጅ ወልዳ፣ የልጅ ልጅ አይታ ነው። ሰብለ ምን አየች?

አማርኛ አስተማሪው፦ ሁለታችሁም መጽሐፉን የፍቅር መመሪያ አደረጋችሁት። እኔ የማነበው እንደ ክስ ነው። ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው በ1957 አደባባይ በወጡ በዓመቱ የታተመ መጽሐፍ ነው። ገበሬው በአበጀ በለው መሪነት ፊታውራሪ ላይ የሚነሳበትን ክፍል አስታውሱ። ሥርዓቱን የሚተቸውን ጉዱ ካሳንም አስታውሱ። እውነት ስለተናገረ ነው «ጉዱ» የተባለው። መቃብሩን የቆፈረው ፍቅር አይደለም፣ ያ ሥርዓት ነው። ሐዲስ እኮ ሰብለን ባልና ልጅ ሰጥተው ቢሸኟት ኖሮ ፊታውራሪ ነፃ ይወጡ ነበር።

ወጣቱ አንባቢ፦ እውነቱን ልናገር? የጉዱ ካሳን ረጃጅም ንግግሮች ዘልያቸዋለሁ። ስለ ሥርዓቱ ሲያወራ ታሪኩ ይቆምብኛል። እኔን የያዘኝ የበዛብህ ነገር ነው። እናቱ በልጅነቱ ለቤተ ክርስቲያን ተስላዋለች። ሳይጠየቅ የተሰጠ ልጅ ነው። ስለ ሰብለ ብቻ ስናወራ እሱን ረሳነው።

ጋሼ፦ ልጆቼ፣ እኔ መጀመሪያ ያነበብኩት በጆሮዬ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ይሰበሰብ ነበር። አንድ ቀን ጀበናው ገንፍሎ ከሰሉን አጠፋው፣ የተነሳ ሰው ግን የለም። ሴቶቹ በነጠላቸው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ያኔ «ምሳሌ ነው» ያለ አልነበረም። «አባትዬው ገደላት» ነበር የሚሉት።

ጠያቂዋ፦ ጋሼ፣ እናቶቻችን በትክክል ገብቷቸው ነበር ማለት ነው። እኔን ያናደደኝ እኮ ይሄ ነው። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ፈተናው «የሰብለ ወንጌልን ታማኝነት አብራሩ» ይል ነበር። ስለ አባቷ የጠየቀን የለም። መምህር፣ ክስ ነው ላሉት እሺ፣ ተቀብያለሁ። ከደራሲው ጋር ጠብ የለኝም። ግን ክሱን ትተን ለቅሶውን ብቻ ስናስተምር ሴት ልጅ የምትሰማው «የወደደ ይሞታል» ነው። የጎጃሙ ወንድሜ፣ የአያትህን ቆብ አከብራለሁ። የሰብለ ቆብ ግን ሌላ በር ሁሉ ከተዘጋባት በኋላ የመጣ ነው። እዚህ ላይ አልለቅህም።

የጎጃሙ ልጅ፦ በሩን የዘጉት አባቷ ናቸው፣ በዚህ እስማማለሁ። ውሳኔዋን ግን አትውሰጂባት።

አማርኛ አስተማሪው፦ ለመሆኑ ፈተናውን አንቺ ብታወጪ ምን ትጠይቂያለሽ?

ጠያቂዋ፦ «ፊታውራሪ መሸሻ የመጀመሪያዎቹን ሽማግሌዎች ሲመልሱ ሰብለን የጠየቃት ማን ነበር?»