ፕራክቲከም ልወጣ ነው፤ ትንንሾቹ ፊት ምን ይዤ ልቁም?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የቅድመ አንደኛ ደረጃ መምህርነት ተማሪ ነኝ። በሚቀጥለው ተርም ፕራክቲከም (ትምህርት ቤት ገብቶ የማስተማር ልምምድ) እንወጣለን። የልጆች ዕድገት ሊቃውንቱን ፒያዤንም ቪጎትስኪንም እንደ ውሃ ጠጥቻቸዋለሁ፤ ፈተና ላይ ችግር የለብኝም። ጉዱ ክፍል ውስጥ ነው።

ባለፈው ለምልከታ አንድ የ5 ዓመት ልጆች ክፍል ገባሁ። መምህርቷ «ምንጣፍ ላይ» ስትል ሁሉም ሄደው ቁጭ አሉ። ደስ ሲል! ከዚያ ተጠርታ ስትወጣ «እስክመለስ ተረት ንገሪያቸው» አለችኝ። አንዱ ጠረጴዛ ስር ገባ። ሁለቱ በአንድ እርሳስ ተጣሉ። አንዷ «ቲቸር፣ ሽንት ቤት» ስትል የግማሹ ክፍል ሽንት መጣ። ሱፐርቫይዘሬ «የክፍል አያያዝ ይሻሻል» ብሎ ጽፎልኝ ሄደ። በምን እንደሚሻሻል ግን የሚነግረኝ አጣሁ።

እስከዚያ ድረስ ምን ልለማመድ? ዕቅድ መጻፍ? ድምፄን ከፍ ማድረግ?

የምንጣፍ ዳር፦
እህቴ፣ አይዞሽ። ልጆቹም አላጠፉ፣ አንቺም አላጠፋሽ። እኔ ትንንሾችን ሳስተምር ነው ያረጀሁት፤ ተለማማጆችም በየዓመቱ ይላኩልኛል። ሁሉም የሚመጡት ይሄንኑ ጥያቄ ይዘው ነው።

ልጆቹ «ምንጣፍ ላይ» ሲባሉ የተቀመጡት መምህርቷን ፈርተው አይደለም። በየት በኩል እንደሚሄዱ፣ እጃቸው ላይ ያለውን የት እንደሚያስቀምጡ፣ ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥ ሲለማመዱ ከርመዋል። አንቺ የደረስሽው ካለቀ በኋላ ነው። የሙያችን አንዱ ጣጣ ይሄ ነው። ዳን ሎርቲ የተባለ የሶሺዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1975 እንደጻፈው፣ ሁላችንም ኮሌጅ ሳንገባ ለሺህ ሰዓታት መምህር ስናይ ኖረናል። ያየነው ግን ከፊት ለፊት ያለውን ብቻ ነው። መምህርቷ አንድን ጥያቄ ለምን እንደመረጠች፣ የቱን ልጅ ሆን ብላ እንዳለፈችው ከተማሪ ወንበር ላይ አይታይም።

ስለዚህ ለምልከታ ስትገቢ መምህርቷ ላይ ብቻ አትፍጠጪ። አንድ ልጅ ያዢ።

እስኪ አምስት የጠርሙስ ክዳን ደርድሪለትና «ቁጠር» በይው። በጣቱ እየነካ ከአንድ እስከ አምስት ይወርድልሻል። «ታዲያ ስንት ናቸው?» ስትዪው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ብዙ ተለማማጅ እዚህ ላይ «አምስት ናቸዋ!» ብሎ ያልፋል። ልጁ ግን መጨረሻ ላይ የጠራው ቁጥር የሁሉም ብዛት መሆኑ ገና አልገባውም። የሥነ ልቦና ምሁራኑ ጌልማንና ጋሊስቴል እ.ኤ.አ. በ1978 ካስቀመጧቸው አምስት የመቁጠር መርሆች አንዱ ይሄ ነው። አጠገቡ ያለችው ልጅ ደግሞ ጣቷ ከአፏ ይቀድማል፤ ሁለት ክዳን ነክታ አንድ ቁጥር ትጠራለች። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ችግራቸው ግን ለየቅል ነው። ለእሱ «ሦስት ስጠኝ፣ አሁን አራት ስጠኝ» የሚል ጨዋታ ይሻለዋል። ለእሷ እየቆጠረች ክዳኑን አንድ በአንድ የምትከትበት ሳጥን ስጫት። ይሄን መለየት ከቻልሽ፣ የትምህርት ዕቅድሽ ላይ የምትጽፊው ነገር አታጪም።

ሌላው ዝምታ ነው። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች የትምህርት ተመራማሪ የክፍል ውስጥ ንግግሮችን ቀድታ ስታጠና፣ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ገደማ ብቻ ሆኖ አገኘችው። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሡ የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም የሚለው ልጅም አፉን ፈታ። ሲያወሩት ቀላል ነው። ያ ሁሉ ዓይን አንቺ ላይ ሲያፈጥ ግን ሦስት ሰከንድ ዓመት ነው። ቤትሽ ውስጥ ተለማመጂው፤ ጠይቂና በሆድሽ ቁጠሪ።

አንደኛ ቢ፦
ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። ግን ክፍሉ ካልተያዘ ክዳን ማን ይቆጥራል? ክዳኑ ራሱ ይበራል እኮ!

እኔ አንደኛ ክፍል ነው የማስተምረው። አብዛኛው ረብሻ የሚነሳው ትምህርቱ መሃል አይደለም፤ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ስንሻገር ነው። «ተነሱ፣ ደብተር አስቀምጡና ተሰለፉ» ካልሽ አለቀልሽ። «ተነሱ» የሚለውን ሰምተው ሄደዋል፤ የቀረውን የሚሰማ የለም። አንድ ትእዛዝ ስጪ፣ ሲፈጸም እዪ፣ ከዚያ ቀጣዩን። ሁሉንም ባንዴ አታስነሺ፤ አንድ ጠረጴዛ ይቅደም። ሽንት ቤት ደግሞ ከተረት በፊት ነው፤ በዚህ ድርድር የለም። ድምፅ ከፍ ማድረጉንም እርሺው። አንቺ ስትጮሂ እነሱ ይብሳሉ።

ኮሌጅ ነኝ፦
መምህራን አሠለጥናለሁ። «ምን ልለማመድ» ለሚለው ማይክሮ ቲቺንግን በደንብ ተጠቀሚበት። እ.ኤ.አ. በ1963 ስታንፎርድ ላይ ድዋይት አለንና ባልደረቦቹ ሲጀምሩት ሐሳቡ ቀላል ነበር። አጭር ትምህርት፣ ጥቂት ተማሪዎች፣ አንድ ክህሎት፣ አስተያየት፣ ከዚያ ያንኑ እንደገና ማስተማር። አሁን በየቦታው የማየው ግን ጓደኞቻችሁ ልጅ መስለው ይቀመጣሉ፣ ይሣቃል፣ ማርክ ይሞላል፣ በቃ። እንደገና ማስተማሩ ይቀራል። ዋናው እኮ እሱ ነበር።

ስለ ሱፐርቫይዘርሽ፦ «የክፍል አያያዝ ይሻሻል» ለማንም አይጠቅምም፤ ልክ ነሽ። ከመግባቱ በፊት አንድ ጠባብ ሥራ ስጪው። «ዛሬ ከጥያቄ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደምጠብቅ ይመዝግቡልኝ» በዪው። ወይም «የትኞቹን ልጆች ጭራሽ እንዳልጠራኋቸው ይጻፉልኝ»። ይሄን ሲጠየቅ የሚከፋ ሱፐርቫይዘር አላየሁም፤ ብዙዎቻችን ምን እንደምናይ ሳይጨንቀን አንቀርም።

ጀማሪዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የምንጣፍ ዳር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሦስቱን ሰከንድ ጓደኞቼ ላይ ሞከርኩት፤ «ረሳሽው እንዴ?» አሉኝ። ልጆቹም ዝም ቢሉስ? ደግሞስ ራሴን በስልክ ብቀርጽ ይረዳኛል?

የምንጣፍ ዳር፦
ዝም ካሉ ጥያቄው ከብዷል ወይም «አዎ» ብቻ የሚያስብል ነው። «ጥንቸሏ ፈራች?» አትበዪ። «ጥንቸሏ ለምን የተደበቀች ይመስላችኋል?» በዪ። አሁንም ዝም ካሉ «ለጎናችሁ ላለው ንገሩት» ብለሽ ልቀቂያቸው። ሁለት ለሁለት ሲሆኑ ዓይን አፋሩም ይለፈልፋል። አንቺ እየዞርሽ ስሚ።

ቀረጻውን በተመለከተ፣ ልጆቹ ያሉበት ቪዲዮ ያለ ትምህርት ቤቱና ያለ ወላጅ ፈቃድ አይሆንም። ፈቅደውልሽ ድምፅ ብቻ ከቀዳሽ ግን ይበቃሻል። ማታ ስታዳምጪ ልጆቹን ተያቸው፤ የራስሽን አፍ ብቻ ተከታተዪ። በየዐረፍተ ነገሩ ማለቂያ ስንቴ «እሺ?» እንደምትዪ ስትሰሚ ትደነግጫለሽ። «እሺ?»ን ለጊዜው ተዪውና ጥያቄዎችሽን ወረቀት ላይ ገልብጪና «ለምን» እና «እንዴት» ያሉትን ምልክት አድርጊባቸው። በማግስቱ ያንኑ ተረት ይዘሽ ግቢ። ልጆች አንድ ተረት ሲደጋገም አይሰለቻቸውም፤ አንቺ ጥያቄዎቹን ብቻ ቀይሪ።