የቢግ ቴን ሰንጠረዥ በውድድሩ አጋማሽ፦ ያልተሸነፉት ሦስት ናቸው፣ ማን ይቀድማል?

ባለ_ሲያትል ጠየቀ (ኦክቶበር 14, 2024)

ሰላም ለሁላችሁ። ከቅዳሜው ጨዋታ በኋላ የቢግ ቴንን (የአሜሪካ ኮሌጆች የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ፣ እነሱ ኮንፈረንስ የሚሉት) ሰንጠረዥ ሳየው ኦሪገን፣ ፔን ስቴትና ኢንዲያና ሦስቱም 6-0 (6 ድል፣ 0 ሽንፈት)፣ በኮንፈረንሱ ውስጥ ደግሞ ሦስቱም 3-0 ናቸው። በኛ አገር ሊግ ቢሆን በግብ ልዩነት ይለያሉ፤ ኢንዲያና በ6 ጨዋታ 285 አግብቶ የተቆጠረበት 89 ብቻ ስለሆነ ቁንጮው እሱ ነበር። የአሶሼትድ ፕሬስ ደረጃ ግን ኦሪገንን 2ኛ፣ ፔን ስቴትን 3ኛ፣ በኦሪገን 32-31 የተሸነፈውን ኦሃዮ ስቴትን ሳይቀር 4ኛ አድርጎ ኢንዲያናን 16ኛ ላይ ጥሎታል። ይህ እንዴት ይነበባል? እኩል ሆነው ከጨረሱስ የሚለያቸው ምንድን ነው? ከተጫዋቾችስ እስካሁን ያገኙት ቁጥር የእውነት የሆነላቸው እነማን ናቸው፣ በደካማ ተጋጣሚ ያበጠውስ የማን ነው?

ኮሎምበስ_ማዶ መለሰ

ወንድሜ፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ አድርገህ ነው ያየሃቸው። የአሶሼትድ ፕሬስ ደረጃ የጋዜጠኞች ድምፅ ነው። ዲሴምበር 7 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ለዋንጫ የሚገናኙትን ሁለት ቡድኖች ሲመርጡ ማንም አያየውም። የሚቆጠረው እያንዳንዱ ቡድን በኮንፈረንሱ ውስጥ የሚያደርገው 9 ጨዋታ ብቻ ነው፤ ስለዚህ 6-0 የሚለውን እለፈውና 3-0 የሚለውን አንብብ። ከኮንፈረንሱ ውጪ የተገኘ ድል ለሰንጠረዡ ምንም አይጨምርም፤ ኢንዲያና ዌስተርን ኢሊኖይን 77-3 ማሸነፉም ቢሆን።

ዘንድሮ ምሥራቅና ምዕራብ የሚባለው ምድብ ቀርቷል። ኦሪገን፣ ዋሽንግተን፣ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ተጨምረው ቡድኖቹ 18 ስለሆኑ አንዱ ቡድን ከ17ቱ ጋር አይገናኝም፤ 8ቱን ሳያገኝ ውድድሩ ያልቃል። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በኮንፈረንስ ውጤት ብቻ ሲደረደሩ እንዲህ ናቸው፦

3-0፦ ኦሪገን፣ ፔን ስቴት፣ ኢንዲያና
2-1፦ ኦሃዮ ስቴት፣ ኢሊኖይ፣ ነብራስካ፣ አዮዋ፣ ዊስኮንሲን፣ ሚሺጋን
2-2፦ ዋሽንግተን፣ ሚኔሶታ
1-2፦ ረትገርስ፣ ሚሺጋን ስቴት፣ ኖርዝዌስተርን
1-3፦ ዩኤስሲ
0-3፦ ሜሪላንድ፣ ፐርዱ
0-4፦ ዩሲኤልኤ

(ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ፣ አይዟችሁ።)

2-1 የሆኑትን ስድስቱን እኩል አትያቸው። ኦሃዮ ስቴት የተሸነፈው ከሜዳው ውጪ፣ በ1 ነጥብ፣ ባልተሸነፈ ቡድን ነው። ኢሊኖይ ደግሞ ፐርዱን 27-3 ሲመራ ቆይቶ በተጨማሪ ጊዜ 50-49 ነው በጭንቅ ያሸነፈው፤ ፐርዱ በመጨረሻ ለድል የሞከረው የ2 ነጥብ ሙከራ ባይከሽፍ ኢሊኖይ ዛሬ 1-2 ነበር። ሚሺጋን ዩኤስሲን 27-24 ሲያሸንፍ በቅብብል (ኳስ በመወርወር) ያገኘው 32 ያርድ ብቻ ነው። በዚህ መንገድ አንድ ቀን ይሸነፋል ማለት ነበር፤ ኦክቶበር 5 በዋሽንግተን 27-17 ተሸነፈም።

የኦሃዮ ስቴት ዕጣ አሁንም በራሱ እጅ ነው። ኖቬምበር 2 ወደ ፔን ስቴት ይሄዳል፣ ኖቬምበር 23 ኢንዲያናን በሜዳው ይቀበላል። የቀሩትን ሁሉ ካሸነፈ 8-1 ይሆናል፤ ሁለቱም ቢበዛ 8-1 ስለሚሆኑ በእርስ በርስ ውጤት ይበልጣቸዋል፣ ኢንዲያናፖሊስም ይገባል።

አስላ_በሉት መለሰ

የእኩልነት መለያው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መጀመሪያ እርስ በርስ ተጫውተው ከነበር ያሸነፈው ይቀድማል። ካልተጫወቱ ሁለቱም ባገኟቸው የጋራ ተጋጣሚዎች ላይ ያላቸው ውጤት ይታያል። እሱም እኩል ከሆነ የጋራ ተጋጣሚዎቹን ከሰንጠረዡ አናት ጀምሮ አንድ በአንድ ያወዳድራሉ። ከዚያ የ9ኙም ተጋጣሚዎች የኮንፈረንስ ውጤት ተደምሮ የማሸነፍ መቶኛው ይሰላል። አሁንም ካልተለያዩ ስፖርትሶርስ አናሊቲክስ የተባለው ድርጅት የሚያወጣው የቡድን ነጥብ፣ በመጨረሻም ዕጣ። የነጥብ ልዩነት የሚባል ነገር በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ 42-13 ማሸነፍና 14-13 ማሸነፍ አንድ ነው።

አሁን ሦስቱን እዩ። ኦሪገን፣ ፔን ስቴትና ኢንዲያና ዘንድሮ በመደበኛው ውድድር እርስ በርስ አይገናኙም፤ የመጀመሪያው መለያ ወደቀ። ሦስቱም የሚጋሯቸው ተጋጣሚዎች አምስት ናቸው፦ ዩሲኤልኤ፣ ሜሪላንድ፣ ፐርዱ፣ ዋሽንግተንና ኦሃዮ ስቴት። እስካሁን ሦስቱም ዩሲኤልኤን አሸንፈዋል (ኦሪገን 34-13፣ ኢንዲያና 42-13፣ ፔን ስቴት 27-11)። ምስኪኑ ዩሲኤልኤ 0-4 የሆነው ሦስቱንም ያልተሸነፉ ቡድኖች በአንድ ወር ውስጥ አግኝቶ ነው፤ አራተኛው ሚኔሶታ ነው።

ሦስቱም 9-0 ቢጨርሱ የጋራ ተጋጣሚ አይለያቸውም፣ ሁሉንም አሸንፈዋልና። በቀጥታ ወደ ተጋጣሚዎች መቶኛ ይኬዳል። በዛሬው ሰንጠረዥ የተጫወቷቸውንም የቀሩባቸውንም 9 ተጋጣሚዎች ስደምር የኦሪገን 11-18 ነው (37.9 በመቶ)፣ የፔን ስቴት 11-20 (35.5 በመቶ)፣ የኢንዲያና 10-19 (34.5 በመቶ)። በፔን ስቴትና በኢንዲያና መካከል ያለው 1 በመቶ ነው፤ ነብራስካ ወይም ዊስኮንሲን አንድ ቅዳሜ ቢያንሸራትተው ይገለበጣል። ስለዚህ የኢንዲያና ደጋፊ ከሆንክ ኢንዲያናን ብቻ አትመልከት፤ ኖርዝዌስተርን፣ ሚሺጋን ስቴትና ሚሺጋን እንዲያሸንፉልህ፣ ኢሊኖይ፣ ዩኤስሲ፣ ዊስኮንሲንና ሚኔሶታ ደግሞ እንዲሸነፉ ነው የምትፈልገው። በእርግጥ ከኢንዲያና ጋር ሲጫወቱ አይደለም።

አንድ መንገድ ደግሞ አለ። ፔን ስቴትና ኢንዲያና ሁለቱም በኦሃዮ ስቴት ብቻ ቢሸነፉና ኦሃዮ ስቴት ራሱ ሌላ ቦታ አንድ ቢጥል፣ ሁለቱ 8-1 ሆነው በጋራ ተጋጣሚም እኩል ይሆናሉ። መለያው ያው መቶኛ ነው።

16ኛ የሆነበት ምክንያትም ከዚሁ ይወጣል። ኢንዲያና ያሸነፋቸው ሦስት የኮንፈረንሱ ቡድኖች (ዩሲኤልኤ፣ ሜሪላንድ፣ ኖርዝዌስተርን) በድምሩ 1-9 ናቸው። የኦሪገኖቹ 3-7፣ የፔን ስቴቶቹ 3-8። ሰፊ ልዩነት ባይሆንም ኦሪገን ኦሃዮ ስቴትን በእጁ ይዟል፣ ኢንዲያና ገና እንዲህ ያለ ስም የለውም። ውድድሩ ሳይጀመር ጋዜጠኞች ከ18ቱ 17ኛ ብለው የገመቱት ቡድን መሆኑም ድምፅ ሰጪው እጁን እንዲያዘገይ አድርጎታል፤ ይሄኛው ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ባለ_ሲያትል

ተባረክ፣ የመቶኛውን ነገር ማንም እንዲህ አፍታቶ አላስረዳኝም። ግን የኮንፈረንስ ጨዋታዎችን ብቻ ብወስድም ኢንዲያና ይበልጣል፦ በ3 ጨዋታ 125 ነጥብ፤ ኦሪገን 97፣ ፔን ስቴት 81። ይሄም ምንም አይደለም?

አስላ_በሉት

የማጥቃት አቅሙን ያሳያል፣ እክድ ዘንድ አልችልም። ጎኑን ደግሞ እይ፦ ኢንዲያና በሦስቱ 65 ተቆጥሮበታል፣ ኦሪገን 54፣ ፔን ስቴት 48። ሜሪላንድ 28፣ ኖርዝዌስተርን 24 አስቆጥረውበታል፤ ሁለቱም ሰንጠረዡ ግርጌ አካባቢ ያሉ ናቸው። ኖቬምበር 23 ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ስቴት ሜዳ ላይ የሚፈተነው ይሄ ነው።

ታይትኤንድ_44 መለሰ

ስለ ተጫዋቾች። የግማሽ ዘመን ቁጥር ስታነብ መጀመሪያ ድምሩን ጨዋታ በጨዋታ በትነው፤ አንድ ቡድን የእረፍት ሳምንቱን ወስዶ ሌላው ካልወሰደ ድምሩ ያሳስታል። ሁለተኛ፣ በኮሌጅ ኳርተርባኩ (ኳስ ወርዋሪው) ኳስ ይዞ ጨዋታው ከሚጀመርበት መስመር ኋላ ሲጣል የጠፋው ያርድ ከሩጫ ቁጥሩ ይቀነሳል። በፕሮፌሽናሉ ሊግ እንዲህ አይደለም። ስለዚህ «ይህ ኳርተርባክ 12 ጊዜ ሮጦ 9 ያርድ ብቻ» የሚል ስታይ ሩጫው መጥፎ ነው አትበል፣ ስንት ጊዜ እንደተጣለ ፈልግ።

በዚህ ሚዛን የአዮዋው ሯጭ ካሌብ ጆንሰን እውነተኛ ነው። በ6 ጨዋታ 937 ያርድ ሮጧል፦ 119፣ 187፣ 173፣ 206፣ 86፣ 166። የመጀመሪያው 119 የተገኘው የጨዋታውን የመጀመሪያ አጋማሽ ሳይሰለፍ ነው። 206ቱ በሚኔሶታ ላይ፣ 166ቱ ቅዳሜ በዋሽንግተን ላይ ነው፤ ሁለቱም የኮንፈረንስ ጨዋታ። 86ቱ በኦሃዮ ስቴት ላይ ነው። ያ ቀን 35-7 የተሸነፉበት ነው፤ ቡድን በሰፊ ልዩነት ወደ ኋላ ሲቀር ወደ ቅብብል ይገደዳል፣ ሯጩ ኳስ አይደርሰውም። ዝቅ ያለውን ቁጥር ከውጤቱ ጋር አንብበው። ከኮንፈረንሱ ውጪ የቦይዚ ስቴቱ አሽተን ጀንቲ በ6 ጨዋታ 1,248 ያርድ ላይ መሆኑን ስታይ ግን ጆንሰን ለሃይዝማን (ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ሽልማት) እጩ ለመባል ለምን እንደሚቸገር ይገባሃል። ጀንቲ 192ቱን ያገኘው በዚሁ በኦሪገን ላይ ነው፣ ኦሪገን 37-34 በጭንቅ ባሸነፈበት ጨዋታ።

የሳምንቱ ሰው ግን የፔን ስቴቱ ታይት ኤንድ (ለሯጭ መንገድ የሚከፍትም ኳስ የሚይዝም ተጫዋች) ታይለር ዋረን ነው፣ ክርክር የለውም። ፔን ስቴት በእረፍት ሰዓት በዩኤስሲ 20-6 ተመርቶ በተጨማሪ ጊዜ 33-30 ሲያሸንፍ ዋረን 17 ኳስ ይዞ 224 ያርድ አገኘ። 17ቱ በአንድ ጨዋታ ታይት ኤንድ የያዘው የኤፍቢኤስ (የከፍተኛው የኮሌጅ እርከን) ክብረ ወሰን እኩያ ነው። የ32 ያርዷ ታችዳውን (የ6 ነጥብ ግብ) ላይ ብዙ ሰው «እንዴት ተፈቀደ?» ብሏል። ዋረን ኳሷን ራሱ ከመሬት ወደ ኋላ ሰጥቶ አስጀመረ፣ ከዚያ ሮጦ ሄዶ ኳርተርባኩ ድሩ አላር የወረወረለትን ያዘ። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ኳስ የሚቀበል ሰው ወይ ከመስመሩ ኋላ የቆመ፣ ወይ በመስመሩ ጫፍ ላይ ያለ መሆን አለበት፤ ማልያው ደግሞ ከ50 እስከ 79 ባለው ቁጥር ውስጥ መሆን የለበትም። ፔን ስቴት ሌሎቹን የመስመር ተጫዋቾች ወደ አንድ ወገን ስለሰበሰበ ኳሷን የያዘው ዋረን በድንገት የመስመሩ ጫፍ ሆነ፤ ማልያው 44 ነው። ተከላካዮቹ ግን ኳስ አስጀማሪን የመከተል ልምድ የላቸውም።

አላርን ግን ከመጠን በላይ አታድንቁት። 391 ያርድ ወርውሮ 3 ኳስ ለተጋጣሚ ሰጥቷል። እንዲህ ያለ ቀን ኖቬምበር 2 ላይ ይቅር አይባልም።

የኦሪገኑን ኳርተርባክ ዲሎን ጋብርኤልን ከሱ አስቀድማለሁ፦ በኦሃዮ ስቴት ላይ ከ34 ሙከራ 23 አሳክቶ 341 ያርድ፣ 2 ታችዳውን በቅብብል፣ አንድ ደግሞ በ27 ያርድ ሩጫ። ኳስ አላስቀማም። የቡድን ጓደኛው ኢቫን ስቱዋርት ከነዚያ ውስጥ 7 ይዞ 149 ያርድ አግኝቷል። ኦሃዮ ስቴት በኩል አዲሱ ልጅ ጀረማያ ስሚዝ 9 ኳስ፣ 100 ያርድ፣ 1 ታችዳውን። መጨረሻ ላይ ተከላካዩን ገፋህ ተብሎ ቡድኑን 15 ያርድ ያስቀጣው ግን እሱው ነው፤ ያቺ ቅጣት ባትኖር የፊልድ ጎል (የ3 ነጥብ ምት) ርቀት ውስጥ ነበሩ።

የኢንዲያናው ኳርተርባክ ኩርቲስ ሩርክ ላይ ገና አልፈርድም። ከኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ የመጣ ነው (ከኦሃዮ ስቴት አይደለም፣ ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው)። ቅዳሜ ነብራስካን ሲገጥም እናያለን።

ሐሙስ_ማታ መለሰ (ኦክቶበር 17)

በኦሪገን ጨዋታ መጨረሻ ላይ ስለነበረው የ12 ሰው ነገር ማንም አላነሳም። 10 ሰከንድ ሲቀር ኦሪገን ከሚፈቀደው 11 በላይ 12 ተከላካይ አሰለፈ። ቅጣቱ 5 ያርድ ብቻ ነው፣ ጨዋታው ግን 4 ሰከንድ በላ፤ ለኦሃዮ ስቴት 6 ሰከንድ ቀረው። በሚቀጥለው የኦሃዮ ስቴት ኳርተርባክ ዊል ሃዋርድ ሮጦ ተንሸራቶ ሲወድቅ ሰዓቱ አለቀ። ለኦሪገን 4 ሰከንድ በ5 ያርድ መግዛት ርካሽ ዋጋ ነበር።

ትናንት ኤንሲኤኤ (የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል) መመሪያ አወጣበት። አጋማሹ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ካለው ማቆሚያ በኋላ ተከላካዩ ቡድን 12 ወይም ከዚያ በላይ ሰው አሰልፎ ሁሉም በጨዋታው ከተሳተፉ፣ ከ5 ያርዱ በተጨማሪ የተበደለው ቡድን ከፈለገ ሰዓቱ ኳሷ ወደተጀመረችበት ይመለሳል። 12ኛው ሰው ወደ ውጭ እየሮጠ ከነበረና ጨዋታውን ካልነካ ግን 5 ያርድ ብቻ ነው። የቅዳሜው ውጤት አይነካም፤ ሰንጠረዡ ላይ 3-0 እና 2-1 እንዳሉ ይቀጥላሉ።

ኮሎምበስ_ማዶ

ልክ ነህ። ኦሃዮ ስቴት በዚያች ጨዋታ ቢሸነፍም ከ12ቱ የፕሌይኦፍ (የአገር አቀፉ ዋንጫ ጥሎ ማለፍ) ቦታ አልወጣም፤ ዘንድሮ 5 የኮንፈረንስ አሸናፊዎች በቀጥታ ይገባሉ፣ 7ቱ በአስመራጭ ኮሚቴው ደረጃ ነው። የኮሚቴው የመጀመሪያ ደረጃ ኖቬምበር 5 ይወጣል፤ ኢንዲያና 16ኛ ነው የሚለውን ንዴት እስከዚያ አቆዩት።

ለዚህ ሳምንት፦ ኦሪገን ነገ ዓርብ ማታ ፐርዱ ሜዳ ላይ ነው። ፔን ስቴትና ኦሃዮ ስቴት ያርፋሉ። ሚሺጋን ወደ ኢሊኖይ ይሄዳል፤ ሁለቱም 2-1 ስለሆኑ የሚሸነፈው ከዋንጫው ጨዋታ ሊርቅ ነው። ነብራስካና ኢንዲያና ቅዳሜ ከቀኑ 6 ሰዓት በምሥራቁ አቆጣጠር፣ ሲያትል ላለህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ነብራስካ እስካሁን በ6 ጨዋታ ከ10 ነጥብ በላይ የተቆጠረበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያም በኢሊኖይ 31-24 በተሸነፈበት ቀን። ኢንዲያና እዚያ መከላከያ ላይ 30 ካገባ የአስላ በሉትን መቶኛ እንደገና እንሠራዋለን።