ልጄ ኮሌጅ በአምስት ዓመት ልጨርስ አለችኝ፤ ሜዲካል ስኩል ለመግባት ይጎዳታል?

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፦
ሰላም ወገኖቼ። ልጄ ባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ናት፣ ሐኪም መሆን ትፈልጋለች። ቅዳሜና እሁድ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ትሠራለች። ዘንድሮ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ አንድ ላይ ወስዳ ኦርጋኒኩን ሲ አመጣች። አሁን "ኮርስ ቀነስ አድርጌ በአምስት ዓመት ልጨርስ" ትላለች። አባቷ "ሰነፈች" ብሎ ተቆጥቷል። አያቷ ደግሞ ከደሴ በደወሉ ቁጥር "ዶክተሯ፣ መቼ ነው የምትመረቂው?" ይሏታል። ስልኩን ስትዘጋ ታለቅሳለች። ምን ትመክሩኛላችሁ? መንግሥት የሚሰጣት የማይመለሰው የትምህርት ገንዘብ፣ ፔል ግራንቱስ አይቋረጥባትም?

ሬዚደንት ሐኪም፣ ኦሃዮ፦
እናታችን፣ አምስት ዓመቱ ብቻውን አይጎዳትም። የሚጎዳት ተጣድፋ የምታመጣው ውጤት ነው። ሲያመለክቱ ኮሌጅ የወሰዱት ኮርስ ሁሉ ይቆጠራል፣ የኮሚዩኒቲ ኮሌጁም ጭምር። የሳይንስ ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ለብቻው ይሰላል። ኮርሱን ብትደግመው እንኳ የበፊቱ ሲ አይሰረዝም፣ ሁለቱም ይያዛሉ። በዚያ ላይ የሜዲካል ስኩል መግቢያው ፈተና፣ ኤምካት አለ፤ ከ528 የሚታረም ከባድ ፈተና ነው፣ የማጥኛ ጊዜ ይፈልጋል። ነርሲንግ ሆም መሥራቷ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፣ ከታካሚ ጋር የዋለ ልጅ ይፈለጋል።

ፔል ግራንት በሙሉ ጊዜ ተማሪነት እስከ 12 ሴሚስተር ድረስ ይሰጣል። አምስት ዓመት 10 ሴሚስተር ስለሆነ ይበቃታል። በሴሚስተር ከ12 ክሬዲት በታች ግን አትውረድ፣ ገንዘቡ ይቀንስባታል። የኤምካት ክፍያ ቅናሽም አለ፣ ለፈተናው ከመመዝገቧ በፊት ታመልክት።

አባት፣ አሌክሳንድሪያ፦
እህቴ፣ ባለቤትሽ ሰነፈች ያለው ደክሞት ነው፣ አትፍረጂበት። ከኮሌጅ በኋላ ሜዲካል ስኩል 4 ዓመት፣ ሬዚደንሲ (ከዚያ በኋላ ያለው የሆስፒታል ሥልጠና) ቢያንስ 3 ዓመት አለ። ከጁላይ 2026 ጀምሮ ደግሞ ለአዲስ ተበዳሪ የፌደራል ብድሩ በዓመት 50 ሺህ፣ በጠቅላላው 200 ሺህ ዶላር ላይ ይቆማል። የቀረውን ማን ይሸፍናል? እኔ ሌሊቱን ስነዳ አድሬ ጠዋት የእናቴን የስኳር መድኃኒት ብር እልካለሁ። የእህቴ ልጆችም እኔን ነው የሚያዩት። አንድ ዓመት ቀልድ አይደለም።

ነርስ፣ ሚኒያፖሊስ፦
ጋሼ፣ አይቀየሙኝና የአገር ቤቱን ወጪ ልጅቷ ላይ አንጫን። እኔም እልካለሁ፣ ግን እሷ ገና ተማሪ ናት። አያትየውም ቢሆኑ ክፋት የላቸውም። አገር ቤት ሕክምና የሚገባው በአብዛኛው ከ12ኛ ክፍል ነው፤ እዚህ መጀመሪያ ዲግሪ እንደሚጠየቅ የነገራቸው ላይኖር ይችላል። አስረዷቸው፣ "ዶክተሯ" የሚለውም ለጊዜው ይቅርላት።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የዩኒቨርሲቲው ስኮላርሺፕ ግን ለ8 ሴሚስተር ነው ይላል። ይሄስ እንዴት ይሆናል?

አባት፣ አሌክሳንድሪያ፦
ነርሷ፣ ልጅቷ ላይ ጫኑ ያለሽ የለም። እናቴን መርዳትም ሸክም ነው አልወጣኝም። ልጆቻችን ብሩ ከየት እንደሚመጣ ይወቁ ነው የምለው። የኔ ልጆች የኪራዩን ወረቀት አይተው አያውቁም።

ነርስ፣ ሚኒያፖሊስ፦
እሷ እኮ ቅዳሜና እሁድ ሽማግሌ ስታጥብ ነው የምትውለው ጋሼ። ከዚህ በላይ ምን ትወቅ?